ከኋላ የቆመው ሠላሳ አንድ ቁጥር

ሰፈሩ "ጋሼ ጨረቃ" ይለዋል። ሥራው ቀለም ቅብ ነው፤ ዕድሜው ስልሳ አንድ። ቁመቱን ተዉት፤ በገባበት በር ሁሉ ያጠፋ ሰው ይመስል አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። ሌላው ቀቢ መሰላል ተሸክሞ የሚደርስበትን ኮርኒስ እሱ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ፣ በላዩ ቆሞ፣ እያፏጨ ይጨርሰዋል። "አንተማ መሰላልህን ይዘህ ነው የተወለድከው" እያሉ አብረውት የሚሠሩት ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል። ቀልድ የሚችል ሰው ነው፤ የማይችለው ሌላ ነገር ነው።

ጨረቃ የተባለው በቁመቱ አይደለም፤ በፊልም ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው፣ ሥራ ባቆመው የድንጋይ ካባ ውስጥ ፊልም ሠሪዎች መጥተው ድንኳን ተከሉ። ታሪኩ ሰማይ ሰንጥቆ ሌላ ዓለም ስለገባ አንድ ጀግና ነበር። ለዚያ ሌላ ዓለም ገበያ ደግሞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የማይናገር። የሃያ አንድ ዓመቱ ጎረምሳ በር ላይ ተለክቶ አለፈ። ድርሻው መቆም ብቻ ነበር። መቆም ደግሞ ምን ሥራ ነው የሚል ካለ፣ ፊቱን በጎማ አሳስሮ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ ይሞክረውና ያውራን።

ጭምብሉ ግራጫ ጎማ ነው። አፍ የለውም። ለዓይን ሁለት ጥቁር ብርጭቆ፣ ለትንፋሽ ከአገጩ ሥር ጣት የማያስገቡ ሦስት ቀዳዳዎች። ጓንቱ ስላልበቃ እጃቸውን ግራጫ ቀለም ይቀቧቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት መዝገብ ይዛ ትቆምና ስም ስትጠራ "አቤት" ይላሉ፤ ከአንገትጌያቸው ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ታያለች፤ የእሱ ሠላሳ አንድ ነው፤ ምልክት ታደርጋለች። ጭምብሉ ከተጠለቀ በኋላ ግን ስም የሚባል ነገር አከተመ። "አሥራ ሁለት፣ ቀና በል!" "ሠላሳ አንድ፣ ወደ ግራ!" ነው። ጭምብል ውስጥ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ቁጥር ሲጠራ አንድ ረጅም ሰው ከተንቀሳቀሰ በቃ፣ ሥራው ይቀጥላል።

ፊልሙ በወጣ ጊዜ ከዚያ ሁሉ የቆመ ሰው መሃል ሠላሳ አንድ ቁጥር ብቻ ስም አገኘ። ጀግናው አንድ ጥግ ላይ ቆሞ ውሃ ሲጠጣ፣ ከትከሻው ኋላ ያ አፍ የሌለው ፍጡር አንድ እግሩን ያነሳና በእግሩ ጀርባ የሌላኛውን እግሩን ባት ቀስ አድርጎ ያካል። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ እግሩን ያወርዳል። አራት ሴኮንድ ናት። ፊልም ወዳዶች ግን በዚያች አራት ሴኮንድ አበዱ። የዚያ ዓለም ሰዎች የሚያርፉት እንዲህ ነው ያለ አለ። የለም፣ ሙቀት የሚሰበስቡት በባታቸው ነው ብሎ ብዙ ገጽ የጻፈም አለ። እከክ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ግን አልተገኘም፤ የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ሠርግ ቤት ሲሆን፣ ወይም ሥራ አልቆ ሻይ ሲጠጣ፣ "ጋሼ ጨረቃ፣ ያቺን አሳየን!" ይሉታል። ይነሳል፤ አንድ እግሩን ያነሳል፤ ባቱን ያካል፤ ይጨበጨብለታል። አርባ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖረ።

ያቺን የሠራት እሱ አይደለም። ያን ቀን ካባው ውስጥ አልነበረም።

የሠራት ታናሽ ወንድሙ ነው። ቤት ውስጥ "ማሙሽ" ነበር የሚባለው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ ከወንድሙ ግማሽ ጣት ብቻ አንሶ፣ ጭንቅላቱ የበሩን መቃን እየመታም ለእናቱ ማሙሽ ነው። ልጁ ደረቱ ደካማ ነበር። አቧራ ሲነካው ትንፋሹ ያፏጫል። ስለዚህ እናትዮዋ "ትልቁ ይሂድ፣ አንተ ካባው አጠገብ ድርሽ እንዳትል" ብላ ከልክላዋለች። እሱ ግን ሌት ተቀን የሚያወራው ስለዚያ ፊልም ነበር። ወንድሙ ማታ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "ዛሬስ ምን ሆነ?" እያለ ያደርቀዋል።

በሰባተኛው ቀን ትልቁ ወንድም ከአንዲት ልጅ ጋር ወንዝ ዳር ቀጠሮ ነበረው። ልጅቷ ሌላ ቀን አይመቸኝም አለች። ፊልም ሠሪዎቹ ደግሞ አንድ ቀን የቀረ ተባርሮ ቀረ ነው የሚሉት። ጎረምሳ ምን ያደርጋል? "ማሙሽዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ግባልኝ" አለ። ልጁ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ለእናታቸው አክስት ጋ ሄደ ተባለ። ጠዋት ትልቁ ራሱ ሄዶ "አቤት" አለ፤ ቁጥሩን አስመዘገበ፤ ከድንኳኑ ኋላ ልብሱንና ጭምብሉን ለታናሹ አጠለቀለትና በጓሮ በኩል ወጣ። የመጨረሻ ያያት የወንድሙ ጤነኛ ፊት ጎማው ውስጥ ስትገባ የሳቀችዋ ናት።

ማሙሽ ማታ ሲመለስ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ነበር። የድንጋዩ አቧራ ሳያንስ ያን ቀን ከማሽን ጭስ ሲለቁባቸው ውለዋል። አልጋው ላይ ተጋድሞ ለወንድሙ በሹክሹክታ፣ "እግሬን በላኝ፤ ሳላስበው ካሜራው ፊት አከኩት። ሥራህን ሳላበላሽብህ አልቀረሁም፤ ያባርሩህ ይሆን?" አለው። ሊሞት አሥራ አንድ ቀን የቀረው ልጅ የተጨነቀው ለዚያ ነበር። "ለእማዬ እንዳትነግራት፤ አንተን ትገልሃለች" ብሎም አስማለው። ከዚያ ሞቀኝ አለ። እናቱ ገብታ ግንባሩን ነካችና ከራስጌው ያለውን መስኮት ከፈተችለት። ሌሊቱን ነፋስ ነበር። ሲነጋ ልጁ ደም ያለበት አክታ ተፋ።

ከቀብር በኋላ ሴትየዋ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታወራው። "እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው የከፈትኩት።" ዘመድ ቢያጽናናት፣ ሐኪም ቢያስረዳት፣ ወይ ፍንክች! መስኮቱን በሚስማር አስቸነከረችው። ትልቁ ልጅ ሚስማሩን ራሱ መታ። እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት መዶሻው እጁ ላይ ነበር፤ አልተናገረም። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ዓመቱ ደረሰ፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤት መጣ። ጓደኞቹ ጎትተው አስገቡት። ያቺ አራት ሴኮንድ ስትመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጓደኞቹ "አንተ ነህ! አንተ ነህ!" እያሉ ጀርባውን ደለቁት። እሱ ወንድሙን እያየ ነበር። ሞቶ ዓመት የሞላው ወንድሙ ቆሞ እግሩን ያካል። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ እያደር ከበደ።

ወንዝ ዳር ያገኛትን ልጅ ዳግመኛ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ ሌላ አገባች። እሱ ከእናቱ ጋር ቀረ። ሥራው ደግሞ ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ዕቃ የወጣበት፣ መጋረጃ የወረደበት፣ እርምጃ የሚያስተጋባበት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይውላል። ግድግዳውን እየቀባ ሳለ ከጀርባው፣ ከጥጉ በኩል፣ ትንፋሽ ይሰማል፤ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ የሚገባና የሚወጣ ትንፋሽ። የቀለሙ ሽታ ይጠፋና ክፍሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ዘወር ይል ነበር። በኋላ ዘወር ማለቱን ተወ፤ ዘወር ሲል ትንፋሹ ይቋረጣላ፣ እንዲቋረጥ ደግሞ አይፈልግም። "ይቺን ጥግ ልጨርስና" ይለዋል፤ "ደከመህ? ተቀመጥ።" ጓደኞቹ በበር አልፈው ሲሰሙት "ጋሼ ጨረቃ ከሀገሩ ሰዎች ጋር ስልክ እያወራ ነው" ብለው ይሳሳቃሉ። አንድ ጊዜ አንዲት የቤት ባለቤት መኝታ ቤቷን ግራጫ ቅባልኝ አለችው። ግማሽ ግድግዳ ከቀባ በኋላ የሚቀባበትን ሩሎ ባልዲው ውስጥ ጥሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሴትዮዋ ምን እንዳጠፋች አታውቅም።

እናቱ ያን ፊልም አይታው አታውቅም። በወጣ ጊዜ ከል ላይ ነበረች። በኋላ በቴሌቪዥን ሲመጣም ያ አፍ የሌለው ፊት ገና ብቅ ሲል "አጥፋልኝ ይሄን ሰይጣን! ልጄ በሞተበት ሰሞን የለበስከውን ፊት ቤቴ ውስጥ አላይም" ትላለች። እሱም ይነሳል፤ ያጠፋል።

እንዲህ ተብሎ ተኑሮ ባለፈው ዓመት ዓይኗ ደከመ። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሐኪሟ፣ ትዕግሥተኛ ሴት፣ መብራቱን ካጠፋች በኋላ እጇን ይዛ፣ "እማማ፣ አልዋሽዎትም። የቀረችው ብርሃን ከሦስት ወር አታልፍም። ማየት የሚፈልጉት ሰው፣ የሚፈልጉት ቦታ ካለ አሁን ይዩ" አለቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ "የት ልውሰድሽ እማዬ?" አላት።

"የትም። እኔ ማየት የምፈልገው አፈር ውስጥ ነው።" ቀጥላም፣ "ታውቃለህ፣ ፊቱ ከጠፋኝ ቆየ። ፊቱስ ይሁን። አቋሙ ጠፋኝ። እንዴት ነበር የሚቆመው? በር ላይ ሆኖ 'እማ ራበኝ' ሲል እንዴት ነበር የሚቆመው?"

ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ፎቶ የትምህርት ቤት ናት። ሦስት ረድፍ ተማሪ፣ ማሙሽ ከኋላ ረድፍ። ፊቱ ያለበትን ቦታ የእናቱ ጣት በአርባ ዓመት ውስጥ ልጦ ነጭ አድርጎታል። ጋሼ ጨረቃ ግን እንዴት ይቆም እንደነበር ያውቃል። እሱ ብቻ ሳይሆን የፊልም ወዳድ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናቱ ብቻ ናት። ቢነግራት ልጇን ታያለች፤ እሱን ግን ከዚያ በኋላ በምን ዓይን ታየዋለች? ባይነግራት ሦስት ወሩ ያልፍና ያቺ አራት ሴኮንድ ለእሷ ለዘላለም ትጨልማለች። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። አንድ ወር በማመንታት አለፈ፤ ፈሪ ነበርና ሁለተኛውም ተጋመሰ።

ከዚያ አንድ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው መጣ። የፊልም ዕቃ ሰብሳቢ ነው። ፊልሙ ከጭረቱ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተሠርቷልና ለመታሰቢያ በፍላሽ ይዞለት መጣ። አንድ ትልቅ ፎቶም ይዟል፤ ያችኑ አራት ሴኮንድ።

"ይፈርሙልኝ ጋሼ። ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎን ነው የምወደው፤ ለዋናው ተዋናይ ግድ የለኝም። አሁን ደግሞ በጣም ጠርቷል እኮ፤ እጅዎ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ በቀለሙ ውስጥ ይታያል። ይኸው፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር።" ካለ በኋላ እስክሪብቶ ወደያዘው እጅ ተመለከተ። የቀቢው እጅ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው እንጂ ጠባሳ የለውም። "ጠባሳው... ጠፋ እንዴ?"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ጠባሳው የካውያ ነው። ማሙሽ በስድስት ዓመቱ ሲነካው የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። ከጎን ክፍል እናቱ ስትስል ሰማ።

"ያረጀ ጠባሳ ነው" አለ። ሊፈርም ጎንበስ ቢል እጁ እምቢ አለው። ለመማል የተነሳ እጅ ይመስል ደረቀ። "ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ሌላ ቀን ና።" ሰውየው ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ግራ ተጋብቶ ሄደ።

በማግስቱ ሥራ አልገባም። ምሳ በሉ። እናቱን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ፊት አንድ ክንድ ያህል አስጠጋው፤ ከዚያ ከራቀ አታይም።

"ምን ልታደርገኝ ነው?"

"አንድ ነገር ላሳይሽ እማዬ። ያን ፊልም።"

"አንተ ልጅ፣ አእምሮህን ነካህ? ዓይኔ ሊጠፋ ሳምንታት ሲቀሩት ያን ፊት ነው የምታሳየኝ?"

"ፊቱን አትዪ። እግሩን እዪ።"

በሪሞቱ አሳልፎ አሳልፎ ጥጉ ላይ ደረሰ። ጀግናው ውሃውን አነሳ። ከትከሻው ኋላ ግራጫው ፍጡር አንድ እግሩን ሰቀለ። አንዴ አከከ። ሁለቴ። አወረደ። ጋሼ ጨረቃ ምስሉን አቆመው።

አሮጊቷ ወደ ፊት ተሳበች። ትንፋሿ መስታወቱ ላይ እስኪታይ ተጠጋች።

"ማሙሽ" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

እግሯ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። ወንዙን፣ ልጅቷን፣ ከድንኳኑ ኋላ ያጠለቀለትን ጭምብል፣ ጭሱን፣ መሐላውን። ሲጀምር መላ የሌለው ወሬ ነበር፤ በኋላ እያለቀሰ ጨረሰው። እሷ ዓይኗን ከቆመው ምስል ላይ አላነሳችም።

"መስኮቱስ?"

"መስኮቱ አይደለም እማዬ። የመጣው ታሞ ነው።"

"መስኮቱ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። እጆቿን ከጭኗ ላይ አንስታ፣ አገላብጣ አየቻቸው፤ የማታውቃቸው ነበር የሚመስሉት። "አርባ ዓመት። አንተ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"በቴሌቪዥን ሲመጣ አጥፋ ስልህ፣ ተነስተህ ታጠፋው ነበር።"

"አዎ።"

"ልጄን።"

ብትመታው፣ ብትረግመው ተመኘ። ስድብ ቢሆን ይሸከመው ነበር፤ ሰው ሰድቦ ሲወጣለት ይቅር ሊል ይችላል።

"መልሰው" አለች።

መለሰው። ያ እግር ተነሳ፤ አከከ፤ አከከ፤ ወረደ። ፊልሙ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፤ ጩኸትና ተኩስ ሆነ።

"መልሰውና አንተ ውጣ። ከእሱ ጋር ተይኝ... ተወኝ" አለች፤ ምላሷ ተሳስሮ።

መለሰና ወጥቶ በሩን ዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ ድምፅዋን ሰማ። ለእሱ የምታወራበት ድምፅ አልነበረም፤ ከአርባ ዓመት በፊት የቀረ፣ እየተቆጣ የሚያባብል ድምፅ ነው። "አትከከው፣ ይቆስላል። ስንቴ ነው የምነግርህ? ና፣ ልይልህ።" ከዚያ ተኩሱ ጀመረ። ሪሞቱን መንካት አታውቅበትም።

"ና!" አለች። ልጄ አላለችም።

ገባ፤ መለሰው፤ ወጣ። ከአራት ሴኮንድ በኋላ ደግሞ "ና!" ገባ፤ መለሰው፤ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ጆሮውን ወደ ጀርባው፣ ወደ ጥጉ ጣለ። ትንፋሽ የለም። የጎማ ሽታም የለም። ወንድሙ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እናቱ ጋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቆመ።

ከሰዓቱን እንዲህ ሆነ። ስንት ጊዜ እንደገባ አልቆጠረም። በገባ ቁጥር የእናቱ ዓይን መስታወቱ ላይ ተተክሏል፤ እንባዋ በጉንጯ ቢወርድም አትጠርገውም፣ ለመጥረግ ዓይን መክደን ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ድፍረት አግኝቶ፣ "እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አለ።

ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም። "ቆይ" አለች፤ "አሁን ወደ አንተ እንዳላይ። ያለችኝ ብርሃን ትንሽ ናት።"

መለሰላትና ወጣ።